ያጋደለ ጭነት

ልጅ ጸጋ ነው ይላሉ። ይሁን፣ አልክድም። ግን ጸጋው ስንት ኪሎ እንደሚመዝንና በየት በኩል እንደሚጫን ሲነገር አልሰማሁም። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የጭነት መኪና ሚዛን ጣቢያ ላይ ነው። ሹፌር ሁሉ «ጋሼ፣ ትንሽ እኮ ነው ያለፈው» እያለ ሲለማመጠኝ፣ «ትንሽ የሚባል ትርፍ ጭነት የለም» እያልኩ ስመልስ ኖሬአለሁ። ክብደቱ ልክ ሆኖ ባንድ ወገን ያጋደለ መኪና ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ጉዱ የሚታየው ኩርባ ላይ ነው። ጡረታ ወጥቼ፣ ጥጌን ይዤ፣ ጋዜጣዬን ላነብ ስል ፈጣሪ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እኔኑ ባንድ ወገን ጫነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቋ ልጄ አሜሪካ ወለደች። ለአራስ ደግሞ የምትጠራው እናት ናት እንጂ አባት አይደለም። አባት ገንፎ አያገነፋ፣ አራስ አያጥብ፣ ቪዛ ምን ይሠራለታል? ባለቤቴ ሽሮዋን፣ በርበሬዋንና የአጥሚት እህሏን ጠቅልላ፣ ሻንጣዋን አስመዝና (በኪሎ ትርፍ ተከራክራ፣ እኔም በሙያዬ ደግፌአት) ሄደች። እዚህ የቀረችው ትንሿ ልጄ ባንክ ትሠራለች። ባሏ መስክ ነው፤ የመስክ ሥራ የሚባለው ነገር ልጅ በሚያለቅስበት ወር ሁሉ እንደሚበዛ ታዝቤአለሁ። የቤት ሠራተኛ ብትገኝም ዐረብ አገር እስክትሄድ ነው የምትቆየው። ስለዚህ የትንሿ ልጄ ልጅ ማሙሽ ለኔ ቀረ።

ማሙሽ ዓመቱን ሊደፍን ነው። ለክትባት የሄደ ቀን ሚዛን ላይ ሲያወጡት ከነርሷ በፊት ቁጥሩን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ልማድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ መካከለኛ ክብደት ያለው ወንድ ልጅ ሲወለድ 3.3 ኪሎ፣ በስድስት ወሩ 7.9፣ በዓመቱ 9.6 ኪሎ ግራም ይሆናል ይላል። ማሙሽ በሰንጠረዡ ልክ ነው፤ እሰይ። ግን አስቡት፤ በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመኔ መንገድ ላይ እያለ ሦስት እጥፍ የሚከብድ ጭነት አይቼ አላውቅም። ሲነሳ ባዶ ሆኖ ሲደርስ ሙሉ የሚሆን መኪና ቢያጋጥመኝ ኖሮ አስቁሜ ፖሊስ ነበር የምጠራው።

«ታዲያ ለምን አታዝለውም?» የሚል ይኖራል። እንዴት ብዬ? ወንድ ልጅ አያዝልም ብሎ የደነገገው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሰፈሩ ግን በቃሉ ያውቀዋል። ፊት ለፊት እንዳልታቀፈው ደረጃው አይታየኝም። የቀረው ጎን ነው። ሴት ልጅ ዳሌዋ ሰፋ ያለ ነው፤ ሕፃን ቢቀመጥበት ጠርዝ አለው። የኔ ዳሌ ግን ሱሪዬን እንኳ መያዝ አቅቶት በቀበቶ ነው የምኖረው። ዘጠኝ ኪሎ ሕፃን በምን አቅሙ ይይዛል?

እንግዲህ አያያዙን ላሳያችሁ። ማሙሽን በግራ ክንዴ ከቂጡ ሥር እደግፈዋለሁ፤ አንድ እግሩ በሆዴ በኩል፣ አንዱ በጀርባዬ በኩል ይንጠለጠላል። ዳሌዬን ወደ ግራ ገፋ፣ ትከሻዬን ወደ ቀኝ ዘንበል አደርጋለሁ። እናቱ የምታለብሰው ያ ሙልጭልጭ ቱታ ነውና ትንሽ ስራመድ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ «እፕ!» ብዬ በዳሌዬ ወደ ላይ አነጥረዋለሁ። እሱ ጨዋታ መስሎት ይስቃል፤ መነጽሬን ይነጥቃል፤ ሆን ብሎም እንደገና ይንሸራተታል። ወገቤ እየተቆረጠ እሱ በሳቅ ይፈርሳል። አላፊ አግዳሚው ደግሞ «አይ ጋሼ፣ የልጅ ልጅዎን እንዴት ቢወዱት ነው!» ይለኛል። እወደዋለሁ፤ ማን አልወድም አለ? የምወደው ልጁን ነው፤ ጭነቱን አይደለም።

ልጅን በጎን መታቀፍ አንድ እጅ ነፃ ያደርጋል ተብሎ ነው የሚወደሰው። ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ታች ግቢው ቧንቧ ላይ ይቀራል እንጂ አራተኛ ፎቅ ድረስ መውጣቱን እሱም አይችለውም። ታዲያ ማሙሽን በግራዬ ይዤ ደረጃውን ስጀምር፣ ቀኝ እጄ ባዶ መሆኗን ያየ ሁሉ ይቆጨዋል። የሁለተኛ ፎቋ እመቤት «ጋሼ፣ እግረ መንገድዎን ይቺን ፌስታል ላይ ቤት ያድርሱልኝ» ትላለች። ጥበቃው ለጎረቤት የመጣ ወረቀት ያስይዘኛል። ልጄ ከባንክ ደውላ «አባዬ፣ ስትወጣ ዳቦ ያዝ» ትለኛለች። ለመሆኑ ስልኩን በምን እጄ አነሳሁት? በዚያችው በነፃዋ። በር ላይ ስደርስ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። የት ኪስ? የግራው፤ ማሙሽ የተቀመጠበት።

የሙያ ነገር ሆኖብኝ ጉዳዩን አጥንቼዋለሁ፦ ማሙሽ ብቻውን አላጎበጠኝም። ያጎበጠችኝ ነፃ ናት የተባለችው እጄ ናት። ልጅ ብቻ የያዘ ሰው ሲደክመው ይቀመጣል። ልጅም ፌስታልም የያዘ ሰው ግን መጀመሪያ ፌስታሉን ማድረስ አለበት። አንድ ሰሞን «እንግዲያው በቀኝህ አሥር ሊትር ጀሪካን ያዝና ተመጣጠን» ብሎ አንድ ጎረቤቴ መከረኝ። ያዝኩ። እውነቱን ነው፣ ቀጥ አልኩ! አሥር ኪሎ ውሃ በቀኝ፣ ዘጠኝ ተኩል ኪሎ ማሙሽ በግራ፤ በሚዛን ጣቢያ ዓይን ነቀፌታ የሌለው አጫጫን ነው። ጉልበቴ ግን ግራና ቀኙን ሳይሆን ድምሩን ነው የሚያነበው።

በዚህ መሀል ሕመሙ መጣ። የገረመኝ፣ ልጁ የሚቀመጠው በግራ፣ የሚያመኝ በቀኝ! ለሰው ስናገር ሰበብ የምፈልግ መሰልኩ። ወጌሻ ጋ ሄድኩ፤ ቅቤ ቀብቶ ግራዬን አሸልኝ። «ቀኝ ነው» ብለው፣ «ልጁን በየት ነው የሚይዙት?» አለኝ። «በግራ» አልኩ። «እንግዲያው ግራ ነው» ብሎ ዘጋው።

በኋላ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የምትሠራ አንዲት ልጅ አስረዳችኝ፤ ዕድሜ ይስጣት። «ጋሼ፣ ሲራመዱ እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ለአፍታ በአንድ እግር ነው የሚቆሙት» አለችኝ። «በቀኝ እግርዎ በቆሙባት ቅጽበት ግራው የዳሌ ወገን አየር ላይ ነው፤ ወደ ታች ሊወርድ ይፈልጋል። እንዳይወርድ ጎትቶ የሚይዘው የቀኝ ዳሌዎ ጡንቻ ነው። ማንንም ሳይታቀፉ እንኳ በአንድ እግር ሲቆሙ ያ መገጣጠሚያ ከሰውነትዎ ክብደት ሁለት እጥፍ በላይ ጫና ያርፍበታል። እርስዎ ደግሞ አየር ላይ ያለው ወገን ላይ ሕፃን ጨመሩበት።» ይኼኔ ገባኝ። ጭነት ወደ ግራ ያጋደለ መኪና ላይ የሚወጠረው የቀኙ ገመድ ነው። ይህን ለማወቅ ወጌሻው አንድ ቀን ሚዛን ጣቢያ ቢውል ይበቃው ነበር።

ስለ አውራ ጣቴም ነገርኳት። ማሙሽን ከሥር የምደግፍበት የግራ እጄ አንጓ፣ በአውራ ጣቱ በኩል፣ ሲኒ ባነሳሁ ቁጥር ይወጋኛል። «አውራ ጣትዎን ወደ ውስጥ አጥፈው ይጨብጡት» አለች። ጨበጥኩ። «አሁን አንጓውን ወደ ትንሿ ጣት በኩል ያዘንብሉት።» ሳዘነብለው የጮህኩት ጩኸት ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቀውን ሰው አስነሳ። ፍሪትዝ ደ ኬርቫን የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 የጻፈበት ሕመም ነው አሉ፤ አውራ ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች የሚያልፉበት ሽፋን ሲወፍር የሚመጣ። ሕፃን በሚያነሱና በሚታቀፉ አዲስ እናቶች ላይም ብዙ ጊዜ ይታያል። ጢሜ ሸብቶ የወላድ በሽታ ያዘኝ! ባለቤቴ በዋትስአፕ ስነግራት ርኅራኄ የጠበቅሁ እኔ ነኝ። «እንኳን ማርያም ማረችህ» ብላ ሳቀች።

አሁን ልጁን ሳልይዝም አልተቃናሁም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳስቀድስ ከኋላዬ ያለ ሰው መጋደሌን አይቶ መቋሚያ አቀበለኝ። እድር ላይ ተነስቼ ስናገር ደግሞ ለካ ግራ ቀኝ እወዛወዛለሁ፤ እሹሩሩው ከሰውነቴ አልወጣም። አንዱ ለጎረቤቱ «ጋሼ ዛሬ ቀመስ አድርገዋል» ሲል ሰማሁት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ማሙሽ በዚህ ሁሉ ተጠቃሚ መሆኑ ነው። እግሩን ከፍቶ፣ ጉልበቱን ወደ ላይ አጥፎ በሰው ጎን ወይም ጀርባ ላይ መንጠልጠል ለሕፃን ዳሌ ጥሩ ነው ይላሉ ሐኪሞች፤ የጭኑ አጥንት ራስ ማቀፊያው ውስጥ ደህና ሆኖ ይቀመጣል። የሕፃናትን እግር ቀጥ አድርገው ጠፍረው ያሳድጉ በነበሩ ሕዝቦች ዘንድ፣ ለምሳሌ በአሜሪካ ናቫሆዎች፣ የዳሌ ውልቃት በብዛት ይታይ ነበር፤ እግር አስከፍተው በሚያዝሉት በብዙ የአፍሪካ አገሮች ግን ብርቅ ነው። እንግዲህ የሱ ዳሌ እንዲቃና የኔ ዳሌ ይጣመማል ማለት ነው። በክትባት ካርዱ ላይ የሱ ክብደት፣ የሱ ቁመት ይጻፋል። የተሸካሚው ቁመት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደቀነሰ የሚጻፍበት መስመር የለም።

ያቺ የፊዚዮቴራፒ ልጅ «ጎን ይቀያይሩ» ብላ ነበር ያሰናበተችኝ። ቀየርኩ። ማሙሽ በቀኝ ጎኔ ሲቀመጥ ቤቱ ያልገባው እንግዳ ሆነ፤ ተንፈራገጠ፣ ጮኸ፣ ወደ ግራ ሊሻገር ደረቴን ወጣ። በግራ መታቀፍ ለካ የኛ አመል ብቻ አይደለም፤ ሊ ሳልክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ አንዲት ጦጣ ልጇን በግራዋ አዘውትራ ስታቅፍ አይቶ፣ ወደ ሰው እናቶች ቢዞር ከአምስቱ አራቱ ያህል እንዲሁ በግራ የሚያቅፉ ሆነው አግኝቷቸዋል። እጃቸው ቀኝም ሆነ ግራ ልዩነቱ ትንሽ ነበር። የልብ ትርታ ስለሚሰማ ነው ብሎ ገመተ። ሊሆን ይችላል። የኔ ልብ አራተኛ ፎቅ ስደርስ የምትመታው አመታት ግን ለሕፃን እንቅልፍ የሚያመጣ አይመስለኝም።

ድሮ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ይኼን ስል የአያቶቼን ዘመን አይደለም፤ እሱንማ ሁሉም ይለዋል። የዲኪካዋን ሰላም ዘመን ነው። ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ጓዶቹ እ.ኤ.አ. በ2000 አፋር ውስጥ ያገኟት፣ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች፣ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች የእግሯን አጥንት መርምረው፣ የእግሯ አውራ ጣት ከኛ ልጆች ይልቅ ወዲያ ወዲህ ይል እንደነበር፣ እናቷ ላይ ለመንጠላጠልም ሳይረዳት እንዳልቀረ ጽፈዋል። አያችሁ? የዚያን ዘመን ሕፃን ራሱን ያግዝ ነበር! ይህን ያነበብኩ ዕለት የማሙሽን ካልሲ አውልቄ በእግሩ ጣት ቀበቶዬን እንዲይዝ ሞከርኩት። አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተው። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ተለፍቶ የተደረሰበት ይህ ነው።

ትልቋ ልጄ ስቃዬን ሰምታ ከአሜሪካ በሰው እጅ ዘመናዊ ማዘያ ላከች። ማሰሪያው፣ ማጥበቂያው፣ መቆለፊያው! አንዱን ስቆልፍ አንዱ ይፈታል፤ አንዴማ ማሙሽን ውጭ ትቼ የራሴን ክንድ ውስጥ ቆለፍኩት። እዚያ አማቼ ይህን ደረቱ ላይ አስሮ ገበያ ሲወጣ ያላጨበጨበለት የለም አሉ። የዚህን ዕቃ ታሪክ ሳጠያይቅ ደግሞ ጭራሽ ተቃጠልኩ። አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በሰላም ጓድ ቶጎ ሄዳ፣ እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ አዝለው ሲውሉ አየች። አገሯ ገብታ ስትወልድ እንደዚያው ማዘል ፈለገች፤ እናቷ ሰፋችላት፤ እያሻሻሉትም እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት ወጣበት። አፍሪካ ውስጥ በአንድ ቋጠሮ የሚያልቀው ነገር ባሕር ተሻግሮ፣ ቁልፍ በቁልፍ ሆኖ፣ በዶላር ተገዝቶ ተመለሰልኝ።

የኛውስ የት ሄደ? ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነዋ! ባለቤቴ ሁለቱንም ልጆቻችንን ያዘለችበት አንቀልባ፣ ቆዳው ለፍቶ የለሰለሰ፣ ጠርዙ በዛጎልና በጨሌ የተዋበ፣ ከመሶቡ በላይ በሚስማር ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ፎቶ ይነሳበታል። ትንሿ ልጄ ባህሉን በጣም ነው የምትወደው፤ ወርዶ እንዲሠራ ግን አትፈልግም። «የገጠር ሰው አስመስሎ ያሳየኛል፣ ሸሚዜንም ይጨማድደዋል» ትላለች። ከባንክ ስትመለስ እሷም ማሙሽን በግራ ጎኗ፣ ስልኳን በቀኝ እጇ ይዛ ቆማ ታወራለች። እንደኔ ስታጋድል አያታለሁ። ገና ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ኩርባው ላይ አልደረሰችም።

ባለፈው ሰሞን አንድ ምሽት፣ ልጄ አምሽታ፣ ማሙሽ ጥርስ አስጨንቆት በእሪታ ቤቱን ሲያናጋው፣ መጋረጃውን ዘጋሁ፤ በሩን ቆለፍኩ፤ ወንበር ላይ ወጥቼ አንቀልባውን ከሚስማሩ አወረድኩ። ባለቤቴ ስልኩ ውስጥ ሆና ትመራኛለች። «ጎንበስ በል! ጎንበስ ነው ያልኩህ፣ አንተ ሰውዬ፣ አትንበርከክ። ልጁን ከጀርባህ መሀል አድርገው። ጠፍሩን በትከሻህ አምጣ። አሁን ወደ ታች፣ በቂጡ ሥር... እሱ የልጁ እግር ነው፣ ጠፍሩን ነው ያልኩህ!» አሠርኩ። ቀና አልኩ። ማሙሽ ጉንጩን ጀርባዬ ላይ ለጠፈ፣ አንዴ ተነፈሰ፣ ዝም አለ። ግራ የለ፣ ቀኝ የለ፤ ጭነቱ መሀል ላይ አረፈ። ጋዜጣዬን አነሳሁ። በሁለት እጄ! አንድ ገጽ ሙሉ አነበብኩ።

በሩ ተንኳኳ። ዝም ልል ነበር፤ ስልኩ ውስጥ ያለችው ግን «ማነው? ክፈት እንጂ!» ብላ በአሜሪካ ድምፅዋ አጋለጠችኝ። ከፈትኩ። የሁለተኛ ፎቋ እመቤት ናት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ልትስቅ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ፤ አልሳቀችም።

«ዞር ይበሉ እስቲ» አለችኝ። «ቋጠሮው አንገትዎ ሥር ወጥቷል፤ እንዲህ ከሆነማ ያንቅዎታል።» ፈታ፣ ዝቅ አድርጋ፣ ደረቴ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችልኝ። ማሙሽ አልተነቃነቀም። ወደ ኋላ ራቅ ብላ ሥራዋን ተመለከተች፤ ደስ አላት።

«ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ፣ ጋሼ። አሁን ሁለቱም እጅዎ ነፃ ሆነ አይደል?»

«ሆነ» አልኳት፣ ትንሽ ኮራ ብዬ።

«እንግዲያው ታች ውሃ መጥቷል» ብላ ከበሩ ጎን ያስቀመጠቻቸውን ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች አነሳች። አንዱን በቀኜ፣ አንዱን በግራዬ አስያዘችኝ። ባለሃያ ሊትር ናቸው።